ከሞት ተርፎ ጠባዩ ስለ ተለወጠ ዘመድ

በአንድ ቤት ላይ ድንገተኛ አደጋ በወደቀ ጊዜ ዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ነፍሱን ያትርፍልን» ማለት ነው። የተጎዳውም ሰው ዓይኑን ገልጦ ውሃ አምጡልኝ ያለ እንደ ሆነ በቤቱ ደስታ ይሆናል፤ ጠያቂውም «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» እያለ ይሄዳል። ዳሩ ግን ራሱን ተመትቶ የተረፈ ሰው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ሳምንቱ ወር ወሩም ዓመት እየሆነ ሲሄድ፣ ማንም ያላሰበው ሌላ ኀዘን ቀስ ብሎ ይገባል። መልኩ ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው። ነገር ግን ትዕግሥተኛ የነበረው በትንሹ ይቆጣል፤ ቁጥብ የነበረው በሰው ፊት የማይገባ ቃል ይናገራል፤ ማልዶ ይነሣ የነበረው እስከ ቀትር ይተኛል። ሚስቲቱ ነገሩን ለጎረቤት ለመንገር ታፍራለች፤ ልጆቹም «አባባ ምን ሆነ?» እያሉ በሹክሹክታ ይጠያየቃሉ። እንዳያለቅሱለት አልሞተም፤ እንዳይደሰቱበትም የሚያውቁት ሰው አልተመለሰም።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው ስለዚሁ ኀዘን ነው። በአገራችን የመኪና አደጋ፣ ከሕንፃና ከዛፍ መውደቅ፣ ጠብም ብዙ ሰው በራሱ ላይ ይጎዳሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ዓ.ም. የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ተስፋ የማይደረግለት ቁስለኛ የመዳን ዕድል አግኝቷል። ሐኪሙ ሥራውን ፈጽሞ በሽተኛውን ሲያሰናብት ግን የቤተሰቡ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገረ ነው።)

ነገሩን ለመረዳት በሕክምና ታሪክ እጅግ ከታወቀው ቁስለኛ እንጀምር። ስሙ ፊንያስ ጌጅ ይባላል፤ በሰሜን አሜሪካ ለምድር ባቡር መንገድ ዓለት በባሩድ የሚያፈርሱ ሠራተኞች አለቃ ነበረ። ዕድሜው 25 ዓመት ሲሆን፣ አሠሪዎቹ ብልህና ትጉህ፣ ለሥራው የሚጠነቀቅ ሰው እንደ ነበረ መስክረውለታል። በሴፕቴምበር 13 ቀን 1848 ዓ.ም. ቬርሞንት በሚባለው ክፍል በካቨንዲሽ አጠገብ ባሩዱን በብረት ዘንግ ሲጠቀጥቅ ሳይታሰብ ፈነዳበት። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ክብደቱም 6 ኪሎ የሚሆን ያ ዘንግ በግራ ጉንጩ በታች ገብቶ ከግራ ዓይኑ በስተኋላ አልፎ በአናቱ ወጣ፤ ከእርሱም 25 ሜትር ያህል ርቆ ወደቀ።

ጌጅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተናገረ፤ በበሬ በሚሳብ ጋሪ ላይም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወዳደረበት ቤት ሄደ። ጆን ሃርሎ የተባለው የአገሩ ሐኪም ተቀብሎ ሲያክመው ቁስሉ መገለ፤ ሰውየውም ራሱን እየሳተ ስለ ደከመ የቅርብ ሰዎቹ የሬሳ ሣጥኑንና ልብሱን አዘጋጅተው ሞቱን ይጠባበቁ ነበር። እርሱ ግን አልሞተም። የግራ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ እንጂ ከ10 ሳምንት ያህል በኋላ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። ሰው ሁሉ ተአምር አለ።

እውነተኛው ፈተና ከዚያ በኋላ መጣ። ሃርሎ በ1868 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ቀድሞ ጨዋ የነበረው ጌጅ ተሳዳቢ ሆነ፤ ምክር ከፈቃዱ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ አይታገሥም፤ ዛሬ ያቀደውን ነገ ይተወዋል። የገንዘብንም ዋጋ መለየት አቅቶት ከወንዝ ዳር የለቀማቸውን ጥቂት ጠጠሮች በ1000 ዶላር እንኳ አልሸጥም ይል ነበር። አሠሪዎቹ ጠባዩን አይተው ወደ ሹመቱ ሊመልሱት አልቻሉም። ወዳጆቹም «ይህ እኛ የምናውቀው ጌጅ አይደለም» አሉ። ይህች ቃል ከሰውየው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አግኝታ እስከ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤት ትነገራለች።

እናቱ ግን ሌላም ነገር አይታ ነበር። ለሐኪሙ ስትነግረው፣ የልጅዋ የማስታወስ ኃይል ጥቂት ደክሟል፤ ሆኖም ባዕድ ሰው ሊያስተውለው የሚችል አይደለም አለች። ደግሞም ለእኅቱ ልጆች ያላደረገውን አድርጌያለሁ እያለ አስደናቂ ተረት ይነግራቸው እንደ ነበረ፣ ሕፃናትን፣ ፈረሶችንና ውሾችንም እጅግ እንደሚወድ መሰከረች። እንግዲህ አሠሪው የጎደለውን ሥራ አየ፤ ወዳጁ የጎደለውን ጨዋታ አየ፤ እናቱ ግን የጎደለውንም የቀረውንም አየች። በቤቱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ሊማር የሚገባው ይህንን ዓይነት አስተያየት ነው።

ለመሆኑ ጠባይ በምን ምክንያት ይለወጣል? የሰው አንጎል ክብደቱ 1 ኪሎ ተኩል የማይሞላ፣ እጅግ ለስላሳ የሆነ፣ በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የሚኖር አካል ነው። መኪና ሲጋጭ ወይም ሰው ከከፍታ ሲወድቅ የራስ ቅሉ በድንገት ይቆማል፤ አንጎሉ ግን መሄዱን ስለማይተው ከአጥንቱ ጋር ይላተማል፤ በውስጡ ያሉትም እጅግ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፣ ይበጠሳሉም። ስለዚህ በውጭ ጭረት እንኳ ሳይታይ በውስጥ ብዙ ጉዳት ሊኖር ይችላል። ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ቁጣን የሚገታ፣ አሳብን በተራ የሚያስኬድ፣ ከመናገር በፊት የሚያመዛዝን ነው። ይህ ክፍል ሲቆስል ልጓሙ እንደ ተበጠሰ ፈረስ ይሆናል። ፈረሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚይዘው ልጓም ስለ ጠፋ ነው። ይባስ ብሎም ራስን የማወቅ ኃይል ከተጎዳው ጋር አብሮ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሕመምተኛው «እኔ ምንም አልሆንሁም፤ የተለወጣችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። ይህንንም የሚለው ለመዋሸት አይደለም፤ በእርግጥ ስለማይታየው ነው።

ሐኪሞች የጉዳቱን ክብደት በቁጥር ይናገራሉ። በ1974 ዓ.ም. በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ግርሃም ቲዝዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ባወጡት መለኪያ፣ የዓይን መገለጥ፣ የንግግርና የእንቅስቃሴ ሁኔታ ተደምሮ ከ3 እስከ 15 ይቆጠራል። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 ወይም ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። ቤተሰብ ይህን ቁጥር መረዳቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን የተጻፈ ቁጥር ከዓመት በኋላ ሰውየው ምን እንደሚሆን በእርግጥ አይናገርም። ማገገሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጠን ይላል፤ ከዚያም በኋላ በዝግታ ለዓመታት ይቀጥላል።

ለዚህም በቅርብ ዘመን የታየ ምሳሌ አለ። በጃንዋሪ 8 ቀን 2011 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴ የነበሩት ወይዘሮ ጋብሪኤል ጊፈርድስ በአሪዞና በቱሳን ከተማ ከሕዝብ ጋር ሲነጋገሩ አንድ ሰው ተኩሶ ራሳቸውን መታቸው፤ በዚያው ቀን 6 ሰዎች ሞቱ። ጥይቱ በአንጎላቸው ግራ ወገን ስላለፈ አንደበታቸው ተያዘ፤ የሚሉትን በልባቸው እያወቁ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አለ። ነገር ግን አስታማሚዎቻቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። ተራውን ቃል መናገር ያልቻሉት እመቤት የሚያውቁትን መዝሙር ሲጀምሩላቸው አብረው ያዜሙ ነበር፤ ዜማ በአንጎል ቀኝ ወገንም ማደሪያ አለውና። በዚህ በኩል ቃል በቃል እየተነሣ ንግግራቸው ቀስ በቀስ ተሻሻለ። ባላቸው ማርክ ኬሊ ወደ ጠፈር የሚበር መርከብ አዛዥ ስለ ነበሩ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ለሥራቸው ሲሄዱ፣ ባለቤታቸው በፍሎሪዳ ተገኝተው መርከቡ ሲነሣ አዩ። ሆኖም የቀድሞው ነገር ሁሉ ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ወይዘሮ ጋብሪኤል በጃንዋሪ 2012 ዓ.ም. የእንደራሴነታቸውን ሥራ ለቀቁ፤ ንግግርም ዛሬም ድካም ይጠይቃቸዋል። የተሻለውን በደስታ መቀበል፣ ያልተመለሰውንም አምኖ መኖር፣ ሁለቱም በአንድ ቤት ተስማምተው ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ኀዘን እንመለስ። ፖውሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የቤተሰብ ጉዳይ ሊቅ በ1970ዎቹ ዓመታት ለዚህ ዓይነቱ ኀዘን ስም ሰጥተውታል፤ በእኛ ቋንቋ «ያልለየለት ኀዘን» ልንለው እንችላለን። ይኸውም ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው ደብዛው የጠፋ ሰው በአካል ሳይኖር በልብ ሲኖር ነው፤ ሁለተኛው ሰውየው በአካል በፊታችን ተቀምጦ የቀድሞ አእምሮው ወይም ጠባዩ ሲርቅ ነው። የሞተ ሰው በአገራችን ወጉ ይደርሰዋል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ አርባውም ሙት ዓመቱም ይወጣል፤ ኀዘንተኛውም በዚህ ሁሉ ይጽናናል። ላልለየለት ኀዘን ግን ድንኳን አይተከልለትም። እንዲያውም «ተመስገን በይ፤ ነፍሱ ተርፏል» እየተባለች ሚስቲቱ እንባዋን በጓዳ ታፈሳለች። ይህ ትክክል አይደለም። የጠፋውን ባል ማልቀስና ያለውን ባል መውደድ የሚቃረኑ ነገሮች አይደሉም። ያላለቀሰ ሰው ኀዘኑን ወደ ቁጣ ይለውጥና በሕመምተኛው ላይ ያወርደዋል።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን በአጭሩ እንዘርዝር።

1ኛ፤ ቁጣውን ከሰውየው ለዩት። ሲቆጣ አትከራከሩት፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ነገሩን ለውጡ፤ ወይም ጥቂት ጊዜ ከፊቱ ዘወር በሉ። ሲበርድ ግን በትሕትና «ይህ ቃል አሳዝኖኛል» ማለት ይገባል እንጂ እንደ ሕፃን መቁጠር አይገባም። እጁን ለመምታት የሚያነሣ ከሆነ ግን ነገሩን መሸፈን ነውር ነው፤ ልጆችን ማራቅ፣ ለሐኪምና ለታመነ ዘመድም መንገር ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ቀኑን በሥርዓት ያዙት። መነሣት፣ መብላት፣ መታጠብ፣ ማረፍ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን። የሚሠራውን በወረቀት ጽፋችሁ በሚያየው ስፍራ ለጥፉ። ትእዛዝም ስትሰጡ አንድ በአንድ ይሁን፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የታዘዘ እንደ ሆነ ሦስቱም ይጠፉበታል።

3ኛ፤ ድካሙን ስንፍና አትበሉት። የቆሰለ አንጎል ቀድሞ በቀላሉ ይሠራው የነበረውን ለመሥራት እጥፍ ይደክማል። ስለዚህ ዕረፍቱ እንደ መድኃኒት ይቆጠር።

4ኛ፤ የጠያቂውን ብዛት መጥኑ። ሕመምተኛን መጠየቅ የተመሰገነ ወጋችን ነው፤ ነገር ግን አሥር ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ በአንድ ጊዜ ሲናገር ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ እንደ ዱላ ይሆንበታል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ለጥቂት ጊዜ ይግቡ፤ የቀሩት በሌላ ክፍል ከቤተሰቡ ጋር ይጫወቱ። «አወቅኸኝ? እኔ ማን ነኝ?» እያሉም አይፈትኑት፤ ስማቸውን ራሳቸው ይንገሩት።

5ኛ፤ መጠጥ ፈጽሞ ይከልከል። አልኮል የቆሰለውን አንጎል ይጎዳል፤ የሚጥል በሽታንም ሊያስነሣ ይችላል። ራሱን ስቶ የሚንፈራገጥ እንደ ሆነ በጎኑ አስተኙት፤ በአጠገቡ ያለውን ስለታም ነገር አርቁ፤ በአፉ ምንም አታግቡ፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅመውም። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ያለፈ እንደ ሆነ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ጠበል በሚጠመቅበትም ጊዜ ቢሆን አያቋርጥ።

6ኛ፤ አዲስ ምልክት ስታዩ አትዘግዩ። ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ እንቅልፉ ከበዛና መንቃት ካቃተው፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም አንዱ ወገኑ ከዛለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

7ኛ፤ አስታማሚውን አስታሙ። በብዙ ቤት ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ ይወድቃል፤ በሚስት፣ በእናት ወይም በታላቅ ልጅ ላይ ማለት ነው። ዘመድ «የሚያስፈልግሽን ንገሪኝ» ብሎ ከመሄድ ይልቅ «ቅዳሜ ከጧት እስከ ማታ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ፤ አንቺ ሂጂ፣ ተኚ» ቢል ይሻላል። ዕድርተኞችም ለቀብር እንደሚተባበሩ ሁሉ እንዲህ ላለው ቤት ተራ ቢገቡ የኅብረታችን ጥቅም ይበልጥ በተገለጠ ነበር።

የመጨረሻው ምክራችን በተለይ የሥራ አለቆች ለሆናችሁ አንባቢዎች ነው። የጌጅ ታሪክ በአሠሪዎቹ መዝጊያ ላይ አላበቃም። በ1852 ዓ.ም. ወደ ቺሊ አገር ሄዶ በቫልፓራይሶና በሳንቲያጎ መካከል በብዙ ፈረሶች የሚሳብ የመንገደኛ ሠረገላ ነጂ ሆነና ወደ ሰባት ዓመት ያህል በዚያ ኖረ። የአውስትራልያው ሊቅ ማልኮልም ማክሚላን ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመት መርምረው፣ ጌጅ ጠፍቶ የቀረ ሰው ሳይሆን በብዙው የተሻሻለ ሰው እንደ ነበረ አስረድተዋል። ምክንያቱንም ሲገምቱ፣ የሠረገላ ነጂ ሥራ በሥርዓት የታሰረ ነው ይላሉ፤ ማልዶ መነሣት፣ ፈረሶቹን መቀለብና መጫን፣ መንገደኛውን መቀበል፣ በታወቀ መንገድ በታወቀ ሰዓት መድረስ በየቀኑ አንድ ነው። በውስጡ የተበጠሰውን ልጓም የውጭው የሥራ ሥርዓት ተካለት። ከመሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛ ራሱን ተጎድቶ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ የቀድሞውን ሥራ ባይችል ሰዓቱ የተወሰነ፣ ተግባሩ የታወቀ አነስተኛ ሥራ ፈልጉለት። ሥራ ለእርሱ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናም ነው።

ጌጅ በ1859 ዓ.ም. ጤናው ሲደክም በሳን ፍራንሲስኮ ወደ ነበረችው እናቱ ሄደ። እርስዋም አስታመመችው፤ ጥቂት ቢሻለው ሥራ ልሥራ ብሎ እንደ ገና ወደ እርሻ ወጣ። በኋላ የሚጥል በሽታ ተነሣበትና በሜይ ወር 1860 ዓ.ም. ሞተ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሐኪሙ ሃርሎ የእናቲቱን አድራሻ አግኝቶ ጻፈላት፤ ለትምህርት እንዲሆን የልጅዋን የራስ ቅል ለመናት። ለእናት ከዚህ የከበደ ልመና አይገኝም። ቤተሰቡ ግን ተስማምቶ መቃብሩ በ1867 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የራስ ቅሉና በሕይወቱ ሳለ የሚወድደው ያ የብረት ዘንግ ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

ያንን አጥንት የሚያይ ተማሪ በአንጎልና በጠባይ መካከል ያለውን ግንኙነት ይማራል። ልጅዋ ከሕፃናት ጋር ሲጫወት፣ ፈረሶቹንም ሲወድ ያየችው እናት ግን ለእኛ ለቤተሰቦች ሌላ ትምህርት ትታልናለች። ወዳጆቹ «ይህ ጌጅ አይደለም» ባሉ ጊዜ እርስዋ በሩን አልዘጋችበትም፤ የሰማነውም ሁሉ እርስዋ ስለ ተመለከተችውና ስለ ተናገረችው ነው። በቤታችን ተለውጦ የተመለሰ ዘመድ ሲኖረን የሄደውን በእንባ እንሸኘው፤ የመጣውንም በስሙ እንጥራው፤ ስሙ ያው ነውና።